ተመልሶ የሚሠራው ብቻ ይጥፋ

(አዲስ አበባ፤ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ። አንዷ ሥራ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች ወጣት ናት፤ ሌላው በሙያው የገፉ ባለሙያ።)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቢልድ ሳስጀምር ግማሽ መንገድ ይሄድና «ቦታ የለም» ብሎ ይቆማል። ፊልም የለኝ፣ ሙዚቃ የለኝ፤ ያለኝ ኮድ ብቻ ነው። ኮድ እንዴት አድርጎ 256 ጊጋባይት ይሞላል?

ባለሙያው፦ ኮድሽ አልሞላውም። እስከ ጡረታሽ ድረስ በየቀኑ ብትጽፊ እንኳ በእጅሽ የጻፍሽው ሁሉ ተደምሮ አንድ ጊጋባይት አይደርስም። ዲስኩን የያዘው ከኮድሽ የተወለደው ነው፤ ኮምፓይለሩ ያመረተው፣ ከኢንተርኔት የወረደው ላይብረሪ፣ የኢሙሌተሩ ምስል። በምን በምን ነው የምትሠሪው?

ወጣቷ፦ ለዌብ ጃቫስክሪፕት፣ ለሞባይል አንድሮይድ። በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ ረስት እየተማርኩ ነው።

ባለሙያው፦ ሦስቱም ቦታ በላተኞች ናቸው፤ አበላላቸው ግን ለየቅል ነው። የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ኖድ ሞጁልስ የሚባል የራሱን ፎልደር ይሠራል። አሥር ፕሮጀክት ካለሽ ያው አንዱ ላይብረሪ አሥር ቦታ ይገለበጣል። ፋይሎቹ ደግሞ ደቃቃ ናቸው። አብዛኛው ሊኑክስ ቦታ የሚያድለው በ4 ኪሎባይት ቁራጭ ስለሆነ 200 ባይት የማትሞላ ፋይልም ሙሉ ቁራጭ ትይዛለች። ረስት ያመረተውን ታርጌት በሚባለው ፎልደር ያጠራቅማል፤ የቢልድ መሣሪያው ካርጎ አዲሱን ሲያስገባ አሮጌውን አያነሳም። የረስት ኮምፓይለር በየ6 ሳምንቱ አዲስ ስሪት ይወጣለታል። ስሪቱን ባሳደግሽ ቁጥር ላይብረሪዎቹ እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋሉ፤ የቀድሞዎቹም እዚያው ተኝተው ይቀራሉ። የአንድሮይዱ ግሬድል በየፕሮጀክቱ ቢልድ የሚባል ፎልደር አለው፤ ከዚያ ሌላ በሆም ፎልደርሽ ሥር ከኢንተርኔት ያወረደውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት የጋራ ካሽ አለው። ይህን ካሽ ያዢልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወጣቷ፦ ጓደኛዬ አንድ መስመር ትእዛዝ ልኮልኛል። ከሆም ፎልደር ጀምሮ ኖድ ሞጁልስ፣ ቢልድ፣ ታርጌት፣ ዲስት የሚል ስም ያለውን ፎልደር ሁሉ እየፈለገ ያጠፋል። ላስኪደው?

ባለሙያው፦ በፍጹም እንዳታስኪጂው። ይህ ትእዛዝ የሚያየው ስም ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። «ቢልድ» ተራ ቃል ነው። በእጃቸው የጻፏቸውን ስክሪፕቶች በዚሁ ስም ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጡ ፕሮጀክቶች ብዙ ናቸው። ዲስት አብዛኛውን ጊዜ የተመረተ ነው፤ ለጊትሀብ አክሽንስ በጃቫስክሪፕት የሚጻፉ ፕሮግራሞች ግን ዲስትን ሆን ብለው ጊት ውስጥ ያስገቡታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኤንፒኤም ራሱ የሚኖረው ኖድ ሞጁልስ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ኖድን በኤንቪኤም ከጫንሽው ያ ፎልደር በሆምሽ ሥር ነው ያለው። የጓደኛሽ ትእዛዝ መጫኛውን ራሱን ይዞት ይሄዳል። የኮድ ጽሑፍ ማዘጋጃሽ ተጨማሪዎችም እንዲሁ በውስጣቸው ኖድ ሞጁልስ አላቸው።

ወጣቷ፦ ታዲያ የተመረተውን በእጅ ከተሠራው በምን ልለየው?

ባለሙያው፦ ጎረቤቱን እዪ። ታርጌት ጎን ካርጎ ዶት ቶምል ካለ የረስት ነው፤ ፖም ዶት ኤክስኤምኤል ካለ የጃቫው የማቨን ነው። ኖድ ሞጁልስ ጎን ፓኬጅ ዶት ጄሰን እና የሎክ ፋይሉ ካሉ ተመልሶ የመሠራት ተስፋ አለው። ካርጎማ ታርጌት ውስጥ «ይህ ካሽ ነው» የሚል ምልክት የያዘች ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። ታርን የመሰሉ የመጠቅለያ ፕሮግራሞችም አማራጩን ከሰጠሻቸው ያን ፋይል አይተው ፎልደሩን ይዘሉታል። ቀጥለሽ ጊትን ጠይቂ። ጊት የሚከታተለው አንድ ፋይል እንኳ በውስጡ ካለ ያ ፎልደር የሰው እጅ አለበት ማለት ነው፤ ተይው። ስታጠፊም በተቻለሽ መጠን ያመረተው ራሱ ያጽዳ። ይህ ልማድ የቆየ ነው። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሜክ የተባለውን የቢልድ መሣሪያ ከጻፈ ወዲህ፣ ፕሮጀክቶች «ክሊን» የሚል ማጽጃ አብረው መያዝ ለምደዋል። ካርጎ ክሊን አለ፣ የግሬድልም ክሊን አለ። መሣሪያው ምን እንዳመረተ ያውቃል፤ የፍለጋ ትእዛዝ አያውቅም።

ወጣቷ፦ ጊትም እኮ ጊት ክሊን አለው። ኤክስ፣ ዲ፣ ኤፍ ብዬ ሦስት ፊደል ብጨምርለት ፕሮጀክቱን ልክ ዛሬ እንደወረደ ያደርግልኛል።

ባለሙያው፦ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ጊት ያመረተው ነገር የለም፤ የሚያውቀው የሚከታተለውንና የማይከታተለውን ብቻ ነው። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ አንድሮይድ ፕሮጀክትሽ ውስጥ ጊት እንዳያያቸው ያደረግሻቸው ፋይሎች የትኞቹ ናቸው?

ወጣቷ፦ ቢልድ ፎልደሩ። የይለፍ ቃሎች ያሉበት ዶት ኢንቪ ፋይል። እና... ኪስቶሩ። መተግበሪያውን የምፈርምበት።

ባለሙያው፦ አየሽ? ምስጢር ስለሆኑ ጊት ውስጥ አላስገባሻቸውም፤ ትክክልም አድርገሻል። በዚያው ምክንያት ግን በዓለም ላይ ያላቸው ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ያ ባለ ሦስት ፊደል ትእዛዝ ከቢልዱ ጋር አብሮ ይጠርጋቸዋል፤ ወደ ሪሳይክል ቢንም አይልካቸውም። በጃንጎ የምትሠሪ ብትሆኚ ደግሞ ለሙከራ የሞላሽው የኤስኪውላይት ዳታቤዝ አብሮ ይሄድ ነበር። ኪስቶር ላይ የምጨክነው በምክንያት ነው። ጎግል ፕሌይ ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ወዲህ ለሚገቡ አዳዲስ መተግበሪያዎች የመፈረሚያውን ቁልፍ ራሱ ይይዛል፤ አንቺ ዘንድ ያለው የመጫኛ ቁልፍ ቢጠፋ በጥያቄ ይቀየርልሻል። ከዚያ በፊት የገባና በዚህ አሠራር ያልታቀፈ መተግበሪያ ግን ቁልፉ ከጠፋ ጠፋ። ደንበኞችሽ ስልክ ላይ ላለው መተግበሪያ ማሻሻያ መላክ አትችዪም። በሌላ ስም አዲስ አውጥተሽ ሰውን ሁሉ «ያን አጥፉና ይህን ጫኑ» ማለት ነው የሚቀርሽ። ለጥቂት ጊጋባይት ሲባል ይህ ዋጋ አይከፈልም።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ጊት ክሊንን ልተወው?

ባለሙያው፦ አትተዪው፤ መጀመሪያ በኤን አስኪጂው። ኤን ስትጨምሪ ምንም ሳይነካ ምን ምን ሊያጠፋ እንዳሰበ ይዘረዝርልሻል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቢ፤ በዓይንሽ ሸርተት ብለሽ አትለፊው። ጊት ራሱ ያለ ኤፍ አላጠፋም ብሎ የሚከለክለው ሰው እንዲያስብ ብሎ ነው። እንዲቀር የምትፈልጊውን ደግሞ በኢ ጠቅሰሽ ማስቀረት ትችያለሽ።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ቢልድ የሚባለው ፎልደር ግን ሙሉ በሙሉ ትርፍ ነው፤ በዚህ እንስማማለን?

ባለሙያው፦ ባንስማማ ይሻላል። መተግበሪያሽን ለገበያ ስታወጪ አርኤይት የተባለው መሣሪያ ኮዱን አሳጥሮ የክላሶቹን ስም «ሀ»፣ «ለ» እንደማለት ያደርገዋል። የትኛው አጭር ስም የትኛው እንደነበረ የሚናገረው ማፒንግ ዶት ቲኤክስቲ የተባለው ፋይል ነው፤ እሱም የሚቀመጠው ቢልድ ውስጥ፣ አውትፑትስ ሥር ነው። ደንበኛ ስልክ ላይ ሲበላሽ የሚመጣልሽ ሪፖርት በአጭር ስሞች የተሞላ ነው። ማፒንጉን ካጠፋሽው ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ማንበብ አትችዪም። እንደገና ቢልድ አደርገዋለሁ ብትዪም የኮምፓይለሩ ወይም የአንድ ላይብረሪ ስሪት ከተለወጠ ያው ፋይል አይወጣም። አፕል ላይም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ኤክስኮድ ውስጥ ዲራይቭድ ዳታ የሚባለውን ያለ ሥጋት ማጥፋት ይቻላል፤ አርካይቭስ የሚባለው ግን ለገበያ የወጡትን ስሪቶች የምልክት ፋይሎች የያዘ ነው፤ አይነካም። ስለዚህ ለሰው እጅ የደረሰውን እያንዳንዱን ስሪት፣ ከነማፒንጉ፣ መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ አውጪ። ከዚያ ክሊን በዪው።

ወጣቷ፦ ሁሉም ሰው «ተመልሶ ይሠራል፣ አትጨነቂ» ነው የሚለው።

ባለሙያው፦ ተመልሶ መሠራቱን ማን ሞከረው? «ይመለሳል» የሚባለው ነገር ሁሉ በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነው። ኮድሽ ሙሉ መሆኑ፣ የምትወስጂበት ማከማቻ ዛሬም መኖሩ፣ ኢንተርኔት መኖሩ። ማከማቻው ይጠፋል ወይ ትዪኝ ይሆናል። ይጠፋል! ብዙ የአንድሮይድ ፕሮጀክቶች ላይብረሪያቸውን ከጄሴንተር ይወስዱ ነበር። ባለቤቱ ጄፍሮግ እ.ኤ.አ. በ2021 ሊዘጋው መሆኑን አስታወቀ፤ አዲስ ነገር መቀበልም አቆመ። በ2024 ደግሞ የሚመጣለትን ጥያቄ ወደ ማቨን ሴንትራል ማዞር ጀመረ። ጄሴንተር ላይ ብቻ የነበረ ላይብረሪ ከዚያ በኋላ በዚያ አድራሻ አይገኝም። የድሮ ፕሮጀክት ይዘሽ ከሆነ ያ ላይብረሪ የቀረው ምናልባት በአንቺው የግሬድል ካሽ ውስጥ ብቻ ነው። ኤንፒኤምም ላይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ኮድ በጸሐፊዋ ስትነሳ የስንቱ ፕሮጀክት ቢልድ በዓለም ዙሪያ ቆመ። በሰዓታት ውስጥ መልሰዋታል፤ ግን በእነዚያ ሰዓታት ኖድ ሞጁልሱን አጥፍቶ የጠበቀ ሰው ሥራው ቆሟል።

ወጣቷ፦ ኢንተርኔቱስ? እዚህ እኮ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። አሥሩንም ፕሮጀክት አጥፍቼ ባወርድ የወር የዳታ ጥቅሌ ያልቃል።

ባለሙያው፦ አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ነካሽው። ስለዚህ ነገር የሚጻፉት ምክሮች አብዛኞቹ ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ ለሚወርድላቸው ሰዎች የተጻፉ ናቸው። «ካሹን አጥፉት፣ በደቂቃ ይመለሳል» ይላሉ። ለእኛ ያ ደቂቃ ብር ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ቢልዱ ከዲስኩ የሚሠራለት ሰው ሥራውን ቀጥሏል። ስለዚህ እኔ የምለው ከለመድሽው የተገላቢጦሽ ነው። በየፕሮጀክቱ ያለውን አጥፊ፤ የጋራ ካሹን ጠብቂ። አሥሩ ኖድ ሞጁልስ ይሂዱ፤ የኤንፒኤም ካሽ ይቆይ። አሥሩ ቢልድ ፎልደር ይሂድ፤ የግሬድል ካሽ ይቆይ። ላይብረሪው ካሹ ውስጥ ከኖረ ፕሮጀክቱን ስትፈልጊው አንድ ሜጋባይት ሳታወርጂ ትሠሪዋለሽ።

ወጣቷ፦ ካሹ ውስጥ ሁሉም ነገር መኖሩን በምን አውቃለሁ?

ባለሙያው፦ በመሞከር ነው የምታውቂው። ሦስቱም መሣሪያዎች ኦፍላይን የሚል አማራጭ አላቸው፤ ኤንፒኤምም፣ ግሬድልም፣ ካርጎም። የምታጠፊውን ፕሮጀክት ከራስሽ ዲስክ ወደ ሌላ ፎልደር ጊት ክሎን አድርጊው። ዋይፋይሽን አጥፊ። እዚያ አዲሱ ፎልደር ውስጥ በኦፍላይን ቢልድ አድርጊው። ካለፈ ሁለት ነገር አወቅሽ፤ ላይብረሪው ሁሉ ካሽ ውስጥ አለ፣ ኮድሽም ጊት ውስጥ ሙሉ ነው። ካላለፈ የጎደለውን በስሙ ይነግርሻል፤ ኮሚት ያልተደረገ ፋይል ይሁን፣ ጊት ውስጥ የሌለ ምስጢር ይሁን፣ ያልወረደ ላይብረሪ ይሁን። ይህን ሙከራ ሳያልፍ ማንኛውም ፕሮጀክት አይጠፋም። የእኔ መለኪያ ይህ ብቻ ነው። «ስድስት ወር አልተነካም» የሚለው መለኪያ ምንም አይነግረኝም፤ ብዙ ጊዜ ያልተነካው ነው ተመልሶ ለመሠራት የሚያስቸግረው።

ወጣቷ፦ ግን ጋሼ፣ ዲስኬ ሞልቷል አልኩዎት እኮ። ለሙከራ የሚሆን ቦታ ከየት ላምጣ?

ባለሙያው፦ ልክ ነሽ። ሙከራ ከማያስፈልገው ጀምሪ። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጊ። የማትጠቀሚባቸውን የአንድሮይድ ኢሙሌተሮች ከአንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ሰርዢ፤ እያንዳንዳቸው ብዙ ጊጋባይት ይይዛሉ። ረስት ስትማሪ በሠራሻቸው መለማመጃዎች ላይ ካርጎ ክሊን በዪ። ይህ ብቻውን መተንፈሻ ይሰጥሻል። ከዚያ በፊት ግን ለኪ። ሊኑክስ ላይ ኤንሲዲዩ አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ዊንዲርስታት አለ፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረው ያሳዩሻል። ትልልቆቹን ጥቂት ፎልደሮች ካነሳሽ የቀረውን መነካካት ላያስፈልግሽ ይችላል።

ወጣቷ፦ በየወሩ ራሱ እንዲያጸዳልኝ ስክሪፕት ብጽፍለትስ?

ባለሙያው፦ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የሆነውን ልንገርሽ። ለሊኑክስ የተሠራው ስቲም፣ የጨዋታዎቹ ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ አብሮት የሚመጣ ስክሪፕት ነበረው። ስክሪፕቱ ስቲም የተጫነበትን ፎልደር አድራሻ ፈልጎ ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በዚያ አድራሻ ሥር ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ መስመር አለው። አንድ ተጠቃሚ ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ አዛወረው። ስክሪፕቱ አድራሻውን ሲፈልግ አጣው፤ ተለዋዋጩ ባዶ ሆነ። ባዶ አድራሻ ላይ እዝባር ሲጨመርበት የዲስኩ ሥር ይሆናል። ስክሪፕቱም ከሥሩ ጀምሮ የሰውየውን ፋይል ሁሉ ማጥፋት ጀመረ፤ ባክአፕ ያደረገበት ውጫዊ ዲስክ ተሰክቶ ስለነበር እሱም አልቀረም። የሚያሳዝነኝ፣ ከዚያች መስመር በላይ ፕሮግራመሩ «ያስፈራል» የሚል ማስታወሻ ጽፎ ነበር። አደጋውን አይቶታል፤ መከላከያ ግን አላደረገበትም።

ወጣቷ፦ መከላከያው ምን ነበር? ያልታወጀ ተለዋዋጭ ሲያገኝ ሼሉ እንዲቆም የሚያደርግ አማራጭ አለ አይደል?

ባለሙያው፦ አለ፤ እዚህ ግን አያድንም። ተለዋዋጩ ታውጇል፤ ዋጋው ነው ባዶ የሆነው። ሼሉ «ባዶ ከሆነ ቁም» የሚያሰኝ ሌላ አጻጻፍ አለው፤ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት ይገባል። ማጥፊያ ስክሪፕት የምትጽፊ ከሆነ ይህ ግዴታሽ ነው። አድራሻው ከፕሮጀክት ፎልደርሽ ሥር መሆኑን ያረጋግጥ፤ ጎረቤት ፋይሉን ይይ፤ መጀመሪያ ዝርዝሩን አሳይቶ ይጠይቅሽ። ሳይጠይቅ በሌሊት የሚያጠፋ ስክሪፕት ግን በሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ አልደግፍም።

ወጣቷ፦ ካርጎ ራሱ በቅርቡ ሳይጠይቅ ማጽዳት ጀምሯል እኮ።

ባለሙያው፦ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው 1.88 ስሪት ጀምሮ፣ ከኢንተርኔት አውርዶ ለ3 ወር ያልተጠቀመበትን ከሆም ካሹ ያነሳል። ግሬድልም ለ30 ቀን ያልተነካ የወረደ ላይብረሪ ያነሳል። ያመጡትን ያውቃሉና የሌላ ሰው ፋይል አይነኩም፤ በዚህ አልነቅፋቸውም። ለእኛ ግን ሌላ ነገር አለው። አጥፍቼው ከካሹ እመልሰዋለሁ ያልሽው ፕሮጀክት፣ ሦስት ወር ቆይተሽ ስትመጪ ካሹ ባዶ ሆኖ ይጠብቅሻል። ሁለቱም ይህን በቅንብር ማቆም ይፈቅዳሉ፤ አቁሚው። እንደ ጄሴንተሩ ዓይነት የድሮ ፕሮጀክት ካለሽ ደግሞ የካሹን ቅጂ ውጫዊ ዲስክ ላይ አኑሪ።

ወጣቷ፦ ዶከርም አለኝ። «ሲስተም ፕሩን» ብዬ ብዙ ቦታ አገኝበታለሁ አሉ።

ባለሙያው፦ ታገኛለሽ። «ቮልዩምስ» የሚለውን አማራጭ ግን አትጨምሪበት። ዳታቤዝሽ የሚኖረው ቮልዩም ውስጥ ነው። ምስል ተመልሶ ይሠራል፤ ቮልዩም አይሠራም።

ወጣቷ፦ አንድ ነገር ደግሞ ግራ ገብቶኛል። ትናንት ትልቅ ፋይል አጥፍቼ ባየው ቦታው አልጨመረም።

ባለሙያው፦ ወይ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ነው፤ ወይ ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም አለ። ሊኑክስና ማክ ላይ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ቦታው አይለቀቅም፤ የቆመ የመሰለሽ የሙከራ ሰርቨር ከኋላ እየሠራ ይሆናል። በኤንፒኤም ፈንታ ፒኤንፒኤም የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ በአንድ ማከማቻ ተቀምጦ በየፕሮጀክቱ የሚታየው ስሙ ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱን ፎልደር ማጥፋት ብዙም አያስለቅቅም። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ግን ፒኤንፒኤም መልካም ነው፤ አሥር ጊዜ መገልበጥን ከመነሻው ያስቀራል። አዲሶቹን ፕሮጀክቶችሽን በሱ ብትጀምሪ እመክርሻለሁ።

ወጣቷ፦ እሺ። ኢሙሌተሮቹን አነሳለሁ፣ መለማመጃዎቹን በካርጎ አጸዳለሁ፣ ከዚያ ፕሮጀክቶቹን አንድ በአንድ በኦፍላይን እሞክራለሁ። ከየትኛው ልጀምር?

ባለሙያው፦ ኮሚት ተደርጎና ፑሽ ተደርጎ ካለቀው ጀምሪ። ገና እጅሽ ላይ ያለውን ለጊዜው አትንኪው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ፤ ያን ኪስቶር ከነይለፍ ቃሉ ዛሬ ከቢሮ ሳትወጪ ሌላ ቦታ ላይ ቅጂው። ዲስኩ ነገም ሞልቶ ይጠብቅሻል።